ወደ ደንገጎ የምንወጣባቸው እሑዶች

ድሬዳዋ ላይ ልጅ ይዞ መውጣት ማለት ከሁሉ በፊት ከሙቀት መሸሽ ነው። አዲስ አበባ ያደጉ ጓደኞቼ የልጅነት ሽርሽራቸውን ሲያነሱ ሶደሬን፣ ላንጋኖን፣ ቢሾፍቱን ይጠራሉ። ከብርዱ አገር ወደ ሙቀት ወርደው ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ የዋሉበትን ቀን ያወራሉ። የእኛ ጉዞ የዚያ ተቃራኒ ነበር። መጋላ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር የምንኖር ሰዎች እሑድ ሲደርስ ሽቅብ ነበር የምናየው። ከተማዋ ግርጌው ወደተቀመጠችበት ተራራ ወደ ደንገጎ፣ ወደ ዓለማያ፣ ወደ ሐረር፤ በታኅሣሥና በሐምሌ ደግሞ ወደ ቁልቢ።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። የተቆረቆረችውም ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። ባቡሩ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር፤ ተራራው አልደፈር ስላለ ሐዲዱ ከግርጌው ቀረ፣ ከተማውም ሐዲዱ አጠገብ በቀለ። ድሬዳዋ እንግዲህ የተራራ ግርጌ ከተማ ናት። ንፋሷም፣ አትክልቷም፣ ጎርፏም ከላይ ነው የሚመጣው። ይህን ከትምህርት ቤት በፊት የተማርኩት በፔጆ ታክሲ የኋላ ወንበር፣ እናቴ ጭን ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ ስለእነዚያ እሑዶች መጻፍ የፈለግሁትም ወላጆቻችን ሲያዝናኑን የምንኖርበትን አገር አብረው እንዳስተዋወቁን የገባኝ የራሴን ልጆች ይዤ መውጣት ከጀመርኩ ወዲህ ስለሆነ ነው።

ትልቁ ጉዞ ሁልጊዜ አይገኝም ነበር። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ እኛ ደግሞ ብዙ ነበርን። ትንሹ መውጣት ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አይቀርም። ድሬ ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ሱቋን ዘግታ ትተኛለች፤ መንገዱ ጭር ይላል፣ ፍየሉ ሳይቀር ከግንብ ጥላ አይወጣም። ከተማዋ እንደገና የምትነሳው ፀሐይ ከበረደች በኋላ ነው። ያኔ እናቴ አንድ በአንድ አጥባ፣ ቫዝሊን ቀብታ፣ የታጠበ ልብስ አልብሳ በር ላይ ታቆመናለች። ቅስት ቅስት በሮች ያሉትን የቀፊራን ገበያ በስተጀርባ ትተን በደቻቱ አሸዋ ላይ ወደ ከዚራ እንሻገራለን።

ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ በወዲህ መጋላ፣ በወዲያ ከዚራ። ወንዝ ይባል እንጂ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴው ይነግድበታል፣ ግመሉ ያልፍበታል። ድልድይ አለ፤ እኛ ግን አሸዋውን ነበር የምንወደው። ጫማችንን አውልቀን በእጃችን ይዘን ስንሮጥ የቀኑ ሙቀት ገና ከአሸዋው አልወጣም፣ የውስጥ እግራችንን ያቃጥለዋል፤ ማቃጠሉም ደስ ይለናል። እናቴ ግን ወደ አሸዋው ከመውረዳችን በፊት ሁልጊዜ ቆም ትልና ፊቷን ወደ ደቡብ፣ ወደ ተራራው ታዞራለች። ከላያችን ያለው ሰማይ አንዲት ደመና ባይኖርበትም ተራራው ላይ ጥቁር ነገር ካየች አትወርድም።

«ደንገጎ ጠቁሯል። ዛሬ በድልድይ ነው» ትላለች።

«እማ፣ ዝናብ እኮ የለም!»

«እዚህ የለም፤ እዚያ አለ። ውሃው ሲመጣ ድሬን አያስፈቅድም።»

በልጅነቴ ይህ ከእናቶች ፍርሃት አንዱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እውነቱ ግን የደቻቱ ባሕርይ ይኸው ነው። ዝናቡ ደጋው ላይ ይጥላል፣ ከተማ ውስጥ ጠብ ሳይል፤ ውሃው ከተራቆተው ተዳፋት ተሰብስቦ በደረቁ አሸዋ ላይ ድንጋይና ግንድ እየገፋ በድንገት ይደርሳል። ከርቀት የሚሰማው ድምፅ እንደ ባቡር ነው። ይህን የሚያውቅ የመጋላ እናት ሁሉ ልጇን ከአሸዋው የምትጠራው ተራራውን እያየች ነበር።

ከዚራ ከደረስን በኋላ መዝናኛው ቀላል ነው። ፈረንሳዮች ቀጥ ቀጥ አድርገው የቀየሱት መንገድ፣ ግራና ቀኝ የተተከለው ዛፍ፣ የባቡር ጣቢያው። አባቴ የጣቢያው አጥር አጠገብ ያቆመንና ባቡር ካለ እናያለን፣ ከሌለም ሐዲዱን እናያለን። ከዚያ ጅላቲ ይገዛልናል። ጅላቲው በእንጨቱ ላይ እየቀለጠ ክንዳችን ድረስ ሲወርድ ከክንዳችን ላይ እንልሰዋለን፤ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊታችንን እያበሰች ትቆጣለች። ማታ ስንመለስ ከመጋላ መንገድ ዳር ሳምቡሳና ሙሸበክ ይገዛል፤ ዘይቱ ጋዜጣውን አልፎ ጣታችንን ያርሰዋል። ለእኛ ቅዳሜ ይኸው ነበር፣ ይበቃንም ነበር።

እሑዱ ሌላ ነው። የምንጓዝበት ቀን ሲወሰን መጀመሪያ የሚከፈተው የልብስ ሣጥን ነው። የድሬ ልጅ ሹራብ አያስፈልገውም። ሆኖም እኛ ቤት ሣጥኑ ግርጌ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ሹራብ ነበር፣ ለደንገጎ ብቻ የሚወጣ። የእኔ ቡናማ ነው፤ ከታላቅ ወንድሜ የወረደ፣ ክርኑ ላይ እናቴ ባገኘችው አረንጓዴ ክር የጠቀመችው። ናፍታሊን ይሸታል። ያ ሽታ ከሣጥኑ ሲወጣ ማታውን እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ዛሬም የናፍታሊን ሽታ ሲመጣብኝ ቀድሞ የሚታየኝ የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ነው።

የምንሄደው ደግሞ ለብቻችን አልነበረም። የመጋላ ግቢ ብዙ በር ያለው ግቢ ነው። በእኛ ግቢ ሐረሪ ነበር፣ ኦሮሞ ነበር፣ ሶማሌ ነበር፣ ጉራጌ ነበር፣ አማራ ነበር፤ በረንዳው አንድ፣ የውሃ ቧንቧው አንድ። አንዱ ቤት ፔጆ 404 በኮንትራት ሲይዝ የሌላው ቤት ልጅ አብሮ ይጫናል። የማን ልጅ በማን ጭን ላይ እንደተቀመጠ የሚቆጥር አልነበረም። ስንቁም እንዲሁ ይደባለቃል፦ ከአንዱ ቤት ፈጢራ፣ ከሌላው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፣ ከሦስተኛው ሳምቡሳ፣ ከሁሉም ቤት ሻይ በፔርሙዝ። ሥጋ አንይዝም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብረን የምንበላው ስንቅ ሥጋ የሌለበት መሆን አለበት። ይህን ማንም ተሰብስቦ አልወሰነውም፣ ማንም ለልጅ ቁጭ ብሎ አላስረዳውም። ከእንቁላሉና ከዳቦው ጋር አብሮ ገባን።

ጉዞው በማለዳ ይጀመራል፣ ሞተሩ እንዳይግል። ከተማው እንዳበቃ ዳገቱ ይጀምራል፤ መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ጥምዝምዙ ሲበዛ ከመሃላችን አንዱ ልጅ ሆዱ ይታወካል። ለዚህ ሎሚ ተዘጋጅቷል፤ እናቶች በጥፍራቸው ልጣጩን ፋቅ አድርገው አፍንጫችን ሥር ይይዙልናል። የሾፌሩ ቴፕ አሊ ቢራን ያዘፍናል፣ የአገሩን ልጅ፤ ትልልቆቹ አብረው ያንጎራጉራሉ። ዝንጀሮዎች አለቱ ላይ ተቀምጠው ያዩናል፣ ወንዶቹ እንደ ካባ የተደረበ ግራጫ ጎፈር አላቸው። ከዚያ ጆሮ ድፍን ይላል። ምራቅ ስንውጥ ጠቅ ብሎ ይከፈታል፣ ይህን ጊዜ በመስኮቱ የሚገባው አየር ሌላ ነው።

«ሹራብ!» ይባላል።

ሁላችንም አንድ ላይ፣ በዚያ ጠባብ ወንበር ላይ፣ ክርን ከክርን እየተጋጨ ሹራባችንን እንለብሳለን። ታናሽ እህቴ አንገቷ የሹራቡ አንገት ውስጥ ተይዞ ትጮሃለች። አናቱ ላይ ሾፌሩ ሞተሩን ሊያሳርፍ ይቆማል፤ ወርደን ቁልቁል እናያለን። ድሬ ከታች በአቧራማ ጭጋግ ውስጥ ተኝታለች፤ ከተራራው እግር ተነሥቶ በመካከሏ የሚያልፈው ነጭ የአሸዋ መስመር ጎልቶ ይታያል። አባቴ በጣቱ እየተከተለ ያሳየናል፦ «ያ ደቻቱ ነው። ይኸው እዚህ ከቆምንበት የሚወርደው ውሃ ነው እዚያ የሚደርሰው። ያ ደግሞ የእኛ ሰፈር።» የእናቴ ፍርሃት ትርጉም ያገኘው ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ካርታ ላይ ከማየት ከ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሹራብ ለብሶ በዓይን ማየት ይበልጣል፤ በልጅ ልብ ውስጥ አይፋቅም።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በቁልቢ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ዓለማያና ሐረር። አብዛኛውን ጊዜ የምንይዘው የዓለማያውን ነው። ሐይቁ ዛሬ ሐረማያ ይባላል፤ ያኔ ግን ለእኛ ዓለማያ ነው፣ ከመንገዱ ዳር ድንገት የሚገለጥ ሰፊ ውሃ። ወራጅ ውሃ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚያይ የመጋላ ልጅ ውሃ እንዲህ ተኝቶ፣ ዝም ብሎ፣ ወፍ ተሸክሞ ሲያይ የሚሰማውን ስሜት ለመናገር ይቸግረኛል። ለመዋኘት አይፈቀድልንም። እግራችንን ብቻ እንነክራለን፤ ቅዝቃዜው እስከ ጉልበታችን ይዘልቃል።

በሐይቁ ዙሪያ ያለው መሬት አትክልት ነው፦ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ካሮት፤ ከዚያ ወዲያ ጫት። የኦሮሞ ገበሬ ሴቶች ካሮቱን ከነቅጠሉ አስረው መንገድ ዳር ይሸጣሉ። እናቴ ካሮቱን በሐይቁ ውሃ ታለቀልቅና ትሰጠናለች፤ ያን የመሰለ ካሮት ከዚያ በኋላ በልቼ አላውቅም። ትልልቆቹ ደግሞ ለሳምንቱ ድንችና ሽንኩርት ይሸምታሉ። ጉዞው ሽርሽርም የገበያ ቀንም ነው፤ ስንመለስ የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ በአትክልት ይሞላል። ከዚያው አካባቢ የሚለቀመው አትክልት ድሬ ወርዶ በባቡር ጅቡቲ ድረስ ይሻገር እንደነበር አባቴ ይነግረን ነበር። ቀፊራ የምናያት ጎመን የማን እጅ እንደተከላት ማወቅ ለልጅ ትልቅ እውቀት ነው።

ሐረር ከደረስን ማረፊያችን ጎረቤታችን የነበሩት የሐረሪ እናት ዘመዶች ቤት ነበር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ። መኪናው ፈረስ መጋላ ይቆምና በጠባቡ የድንጋይ መንገድ በሰልፍ እንገባለን፣ ትንሹ የትልቁን ቀሚስ ይዞ። የሐረሪ ቤት ውስጡ ደረጃ ደረጃ ያለው መደብ ነው፣ ቀይ የተቀባ፤ ግድግዳው በሰፌድና በሞሰብ የተሞላ። የቤቱ እናት ለሁላችንም የመቀመጫ ቦታችንን ያሳዩናል። ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው፣ ልጅም ሥርዓቱን ይይዛል፤ ቤታችን ውስጥ የማንታዘዘው ሁሉ እዚያ እንደ ሽማግሌ ቁጭ እንላለን። ከቡና ገለባ የሚፈላው ሆጃ በወተት ይቀርባል። ሐረሪዎች ልጅ ሳይበላ አይለቁም፤ «ጠገብኩ» ቢሉም አይሰማም።

ጅብ ሲመገብ ለማየት እንለምን ነበር። ጅቡ የሚመጣው ከመሸ ነው፣ እኛ ደግሞ ከመምሸቱ በፊት ደንገጎን ወርደን መጨረስ አለብን። ከ1969ኙ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው፤ ማንም በዚያ መንገድ ላይ እንዲመሽበት አይፈልግም። መንገድ ላይ ኬላ አለ፤ መታወቂያ ይታያል፣ የዕቃ መጫኛው ይከፈታል። አባቴ ወረቀቱን ሲሰጥ ሁላችንም ዝም እንላለን። ወላጆቻችን በዚያ ዘመን፣ በዚያ ኑሮ፣ ስንቅ ቋጥረው ልጅ ይዘው መውጣታቸውን ሳስብ ዛሬ ለእነሱ ያለኝ ክብር ይጨምራል። «አይመችም» ብለው ቤት ቢቀመጡ ማን ይወቅሳቸው ነበር?

የቁልቢው ጉዞ ከዚህ ይለያል። ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ እንዳሠሩት የሚነገርለት የቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲነግሥ ድሬ ትገለበጣለች። ከመላው አገር የመጣ ሰው ከተማዋን ይሞላል፤ ከድሬም ብዙው ሰው ስለቱን ይዞ ሌሊቱን በእግሩ ዳገቱን ይወጣል። እኛ ልጆች በመኪና ነበር የምንሄደው። ከዚያ ሕዝብ መካከል የማስታውሰው በእናቶች ጀርባ ላይ ያሉትን ሕፃናት ነው፤ በስለት ተገኝተው እዚያው ክርስትና ሊነሡ የመጡ። ቁልቢ ላይ እጄን የያዘ እጅ ለአፍታም አይለቀኝም።

ዳገት የማይወጣ ጉዞም ነበረን፤ በባቡር ወደ ምዕራብ፣ ኤረር ፍል ውሃው ዘንድ ሄደን ዘመድ ቤት አድረናል። ከዚህ ጉዞ የቀረኝ ባቡሩ በየጣቢያው ሲቆም በመስኮት የሚገባው ብርቱካን ነው። ስንመለስ ግን ሹራብ ሳንለብስ በመዋላችን ቅር ብሎኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ያ እግራችንን የምንነክርበት ሐይቅ ደረቀ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ዓለማያ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ዙሪያውን በሞተር እየተሳበ ጫትና አትክልት የሚያጠጣው ውሃ፣ ለሐረርና ለአካባቢው ከተሞች በቧንቧ የሚሄደው ውሃ፣ ከተራቆተው ተራራ እየተጠረገ ገብቶ ሐይቁን የሞላው ደለል ሁሉም እጅ ነበረባቸው። ሐረር ከዚያ በኋላ የምትጠጣው ውሃ ከድሬዳዋ አካባቢ ከርሰ ምድር ተስቦ ያን ሁሉ ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ነው የሚደርሳት። ውሃ ወደ ታች ይሄድ የነበረበት አገር ላይ ውሃ ወደ ላይ መግፋት ግድ ሆነ። የራሴ የመጀመሪያ ልጅ ያየችው ዓለማያ ያ ደረቅ ሜዳ ነው። «እዚህ ውሃ ነበር» ስላት ዙሪያውን አየችና «የት?» አለችኝ።

በዚያው ዘመን ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ደቻቱ መጣ። ዝናቡ ደጋው ላይ ጥሎ ውሃው ሰው በተኛበት መጋላ ዳር፣ አሸዋው ውስጥና አፋፉ ላይ የተሠሩትን ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ከሞቱት ብዙዎቹ ልጆችና ሴቶች ናቸው። ያ እኔ እየሮጥኩበት ያደግሁበት አሸዋ ነው። የሐይቁ መድረቅና የጎርፉ መምጣት በጋዜጣ ላይ ለየብቻ የተጻፉ ሁለት ዜናዎች ሆነው ነው ያነበብኳቸው። አባቴ ደንገጎ አናት ላይ በጣቱ ካሳየኝ ነገር አንጻር ግን ሁለቱም የአንድ ተራራ ነገር ናቸው። ዛፍና ሣር የሌለው ተዳፋት ውሃውን አይዝም። ውሃው ሳይያዝ ሲቀር በበጋ ሐይቁ ይደርቃል፣ በክረምት ከተማው ይጥለቀለቃል።

ከጎርፉ በኋላ የደቻቱ ዳርቻ በግንብ ታጥሯል። ደስ የሚለው ሐረማያም ተመልሷል፤ ተፋሰሱ ላይ ሥራ ተሠርቶ፣ ዝናቡም ረድቶ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው ዳግም ቋጥሯል፣ ሰዉም ልጆቹን ይዞ ዳር ዳሩን መዋያ አድርጎታል። ያቺ «የት?» ያለችኝ ልጄ አሁን ትልቅ ሆናለች፤ ታናሽ ወንድሟን ይዛ ከውሃው ዳር ቆማ ፎቶ ስታነሳው አየሁ። ካሮት ገዛሁላቸው። በሐይቁ ውሃ አላለቀለቅሁትም፣ የታሸገ ውሃ ነበር የያዝነው፤ ዘመኑ ተለውጧል፣ ይለወጥ። ፔጆውም የለም፤ ከተማውን ባጃጅ ሞልቶታል፣ ባቡሩም አሁን በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው አዲስ ሐዲድ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው። ዳገቱና ብርዱ ግን ያው ናቸው፤ ጆሮ የሚደፈንበት ቦታም ያው ነው።

ስለዚህ ድሬ ላይ ልጅ ለምታሳድጉ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። እሑድ ማለዳ ልጆቻችሁን፣ ከቻላችሁም የጎረቤታችሁን ልጆች ጨምራችሁ፣ ሹራብ አልብሳችሁ ደንገጎ አናት ላይ አቁሟቸው። ውሃው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በጣታችሁ ተከትላችሁ አሳዩአቸው፤ የ1998ቱን ጎርፍም ንገሯቸው፣ ለልጅ አይነገርም አትበሉ። ታች ስትመለሱ ደግሞ በግንቡ ብቻ አትተማመኑ። የድሬ ሰማይ ጥርት ቢልም ደንገጎ ከጠቆረ ልጆቻችሁን ከአሸዋው አውጡ።